ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ ላም ወይስ ባሕር ዛፍ? ጣና ዳር መሬት ላላችሁ

የአክስቴ ልጅ ዐረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ ተመለሰች። ከመጣች ሳምንት ሳይሞላት ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረስነውም።

«ወንድም ዓለም፣ ሽንኩርት ልዝራበት?»

«በየትኛው ላይ?»

«በሁሉም።»

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ «በሁሉም» ነው።

መሬቱን አውቀዋለሁ። አባቷ ያወረሷት ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። አራት ቃዳ ነው፤ አንድ ሄክታር ገደማ። ግን እንደ አብዛኛው የአገሬው ይዞታ አንድ ቦታ አልተቀመጠም። አንዱ ቃዳ ሐይቁ አፍ ላይ ነው። ሁለቱ ሜዳው መሐል፣ ከርብ ወንዝ ብዙም ሳይርቁ ይገኛሉ። የቀረው ከሜዳው ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ፣ ቀይ አፈር ላይ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ በእግር ይደረሳል። ለእርሻ ሲሆን ግን ሦስት አገር ናቸው።

ብዙ ሰው «ዘንድሮ ምን ያዋጣል?» ብሎ ይነሳል። እኔ ከዚያ አልነሳም። መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ውሃው ነው። ክረምት ላይ ማሳው ላይ ስንት ሳምንት ይተኛል? የካቲትና መጋቢት ላይስ ከየት ይመጣል? ዋጋ በየገበያው ቀን ይለዋወጣል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ግን በአያቶቻችንም ጊዜ እዚያው ነበር።

ለቸኮለ ሰው እንዲህ ልበል። ውሃ ከወር በላይ የሚተኛበት መሬት የሩዝ ወይም የሣር ነው። ውሃው ቀናት ተኝቶ የሚጠፍፍበት ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ ሩዝንም ሽምብራንም ይቀበላል፤ የበጋ ውሃ ቅርብ ከሆነ ሽንኩርት ይታከልበታል። ውሃ ጭራሽ የማይቆምበት ቀይ አፈር የዳጉሳ፣ የጌሾ፣ የቡናና የዛፍ ነው። ላልቸኮለ ዝርዝሩ ይኸው።

ሐይቁ ሰፌድ ነው

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጥልቅ በሚባለው ቦታው ግን ከ15 ሜትር አይዘልም። ጋን አይደለም፣ ሰፌድ ነው። ጋን ሲሞላ ወደ ላይ ይሞላል፤ ሰፌድ ላይ የፈሰሰ ውሃ ወደ ጎን ይሄዳል። የፎገራን ሜዳ ነገር ለመረዳት ይህን አንድ ነገር መያዝ ይበቃል።

ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የሚያስተማምን ሁለተኛ የዝናብ ወቅት የለም። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል አባይ በዚህ ጊዜ ደለል ተሸክመው ይገባሉ። ሐይቁ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ይታያል። ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ቀስ እያለ ይወርዳል። በሞላበትና በጎደለበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሜትር ተኩል ገደል ሥር ምንም አይደለም። እንደ ገበታ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ግን የስንቱን ማሳ ዕጣ ይወስናል። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል።

የሰው እጅም አለበት። አባይ ከጣና በሚወጣበት ባሕር ዳር አጠገብ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. ተሠራ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ውሃውን በዋሻ እየሳበ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ድርቁም ከታች የተለቀቀውም ውሃ ተደምሮ ሐይቁ ክፉኛ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ «በእኛ ጊዜ ውሃው እዚች ዋርካ ድረስ ይመጣ ነበር» ሲሏችሁ አድምጡ። ግን «ባለፉት አምስት ክረምቶችስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማሳውን ለማንበብ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ደንገል ወይም ፊላ የበቀለበት አካባቢ ውሃ የሚከርምበት ነው፤ ተክሉ አይዋሽም። የዛፎቹን ግንድ ተመልከቱ፣ ጭቃው ያሰመረው መስመር አለ። ቤቶቹ የት እንደተሠሩም እዩ። ሜዳው ላይ ትንሽ ከፍ ያለች ቦታ ሁሉ መንደር የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጨረሻ ጥር ላይ ሂዱና አፈሩን እዩት። ዋልካ ክረምት ላይ አብጦ እግር ይይዛል። በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ልጅ ሆነን ስንጥቁ ውስጥ ሳንቲም ጥለን እጃችን አልገባም ብሎ አልቅሰናል። እንዲህ ያለ መሬት ውሃ ይዞ ይቆያል። ይህ ጸጋም ነው፣ መከራም።

ሐይቁ አፍ ላይ ያለው ቃዳ

እዚህ ሽንኩርት የለም። ጨርሰናል። ሐይቁ እስከ ኅዳር አለቅም ባለበት ማሳ ላይ የሽንኩርት ችግኝ ማዛወር ብርን ጭቃ ላይ መትከል ነው።

የሚወዳደሩት ሩዝና ሣር ናቸው።

ሩዝ ለፎገራ የአባት ቅርስ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። አይደለም። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው ይዘውት የመጡት። አገሬው እስከ ዛሬ የሚወደው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው በዚያ ጊዜ ከተሞከረበት፣ ጅግና ከሚባለው ቦታ ነው። ያኔ ያ ሜዳ ክረምት ክረምት ውሃ የሚውጠው የግጦሽ መሬት ነበር። ጤፍ ይሰጥማል፣ በቆሎ ይበሰብሳል። ሩዝ ግን እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ደስ ይለዋል። ዕዳ የነበረው ጎርፍ እንዲህ ሀብት ሆነ። ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። የከተማው ሰው «ጤፍ» ብሎ የሚበላው እንጀራ ውስጥም የፎገራ ሩዝ አለበት፤ በዚህ አንጣላም።

የሩዝ ጥሩ ጎኑ ሁሉ ነገሩ ይሸጣል። ፍሬው ይሸጣል። ጭዱ ለከብት ይሆናል። ጎተራ ውስጥ ስለሚቀመጥ ደላላ ሲያላግጥባችሁ «ተወው» ማለት ትችላላችሁ። ምርቱ በሄክታር ከ30 ኩንታል ከፍም ዝቅም ይላል። ተፈልፍሎ ሲወጣ ግን ከኩንታሉ ከ60 እስከ 65 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ሒሳብ ስትሠሩ ይህችን አትርሱ።

መጥፎ ጎኑ አረም ነው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ይታረማል። ጎንበስ ተብሎ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ከአልቅት ጋር። ቤት ውስጥ እጅ ከሌለ የቀን ሠራተኛ መክፈል ግድ ነው፤ ያኔ ትርፉ ይሳሳል። ሌላው ደግሞ ብርድ ነው። ፎገራ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ ለሩዝ ይህ ዳገት ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ሐምሌ ላይ የተዘራ ሩዝ አበባው ከጥቅምት ብርድ ጋር ይገጣጠማል። ማሳው ከሩቅ ያማረ ይመስላል። ዛላውን በእጃችሁ ስትጨብጡት ባዶ ገለባ ነው። ይህ የሚደርስባችሁ ምናልባት በየጥቂት ዓመቱ ነው፤ ሲደርስ ግን የዓመት ልፋት ይበላል። ስለዚህ ዘር ስትመርጡ «ምርቱ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ቀን ይፈጅበታል?» በሉ።

ሣሩስ? ይህን የሚያስብ ሰው እያነሰ ነው። እኔ ግን ለሐይቁ አፍ ማሳ አልንቀውም። የፎገራ ላም የሚባለው ዝርያ ለዚህ ረግረግ የተፈጠረ ነው። ዥጉርጉር ናት፤ ወተቷ ጥሩ፣ ረግረጉንም ትችለዋለች። አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያው እንዳይጠፋ ሲሠራበት ቆይቷል። እንዳይጠፋ የሚያሰጋው ያው ሩዙ ነው። የወል ግጦሹ እየታረሰ ሲሄድ ላሟ መቆሚያ አጣች። አሁን ሣር ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሣር አጭዶ መሸጥ ከድሮው የተሻለ ገቢ ነው፤ በተለይ ሚያዝያና ግንቦት፣ የሩዝ ጭዱ ሲያልቅ። አረም የለም፣ ማዳበሪያ የለም። ችግሩ ረግረግ ላይ የሚግጥ ከብት የጉበት ትል ይይዘዋል፤ አልቅትም አፍንጫው ውስጥ ይገባል። መድኃኒት በየጊዜው ካልሰጣችሁ ላሟ እያያችኋት ትከሳለች። እንግዲህ አጭዶ ማብላት ከመልቀቅ ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ሌላ ሰው እኮ ወደ ሐይቁ ገብቶ እያረሰ ነው። እኔስ ብቀጥልበት?»

ባህር ሸሽ ማለቷ ነው። ሐይቁ ከኅዳር በኋላ ሲሸሽ ከሥሩ ጥቁርና እርጥብ መሬት ይወጣል። ደለል የተኛበት፣ ማዳበሪያ የማይጠይቅ። ጓያ ቢበተንበት ያምራል። ፈታኝ ነው፣ አልክድም። ግን የይዞታ ደብተር ላይ የሌለ መሬት ነው። ውሃው አንድ ዓመት ቶሎ ከተመለሰ ካሣ የሚጠይቅለት የለም። በየዓመቱም ከጎረቤት ጋር ድንበሩ ላይ ጠብ አለ፤ ውሃ ድንጋይ አይተክልምና። ከሁሉ በላይ ባህር ሸሹን ለማረስ መጀመሪያ የሚነቀለው ደንገሉ ነው። ደንገል የታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም። ከወንዝ የመጣውን ደለል የሚያስቀረው እሱ ነው። ዓሣውም የሚራባው ዳር ዳሩን ሣርና ደንገል ውስጥ ነው። ደንገሉ ሲነሳ ደለሉ ቀጥታ ይገባል፣ ሐይቁም ከዳሩ እየሞላ ይሄዳል። እኔ «አትንኪው» አልኳት። ተቆጣች። ሁሉም እያረሰ እሷ ብቻ ስትቀር ሞኝነት መሰላት።

እምቦጭ የሚሉትን የውሃ አረምም ቁጠሩት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳር ታይቶ ወደ ደምቢያ፣ ወደ ሊቦ ከምከምና ወደ ፎገራ ተስፋፋ። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ መጀመሪያ ያዩት ሰዎች ለጌጥ ቤታቸው ቢያስገቡት አይፈረድባቸውም። ክረምት ላይ ንፋስና ጎርፍ ሐይቁ አፍ ያለው ማሳ ላይ ያመጣዋል። ውሃው ሲሸሽ እሱ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይቀራል። እሱን ማሳው ላይ መልቀም የራሱ ደቦ ይፈልጋል። ለዚህ ማሳ የጉልበት ወጪ ስትገምቱ እምቦጩን ጨምሩበት።

ዓሣ ማጥመድን እንደ አማራጭ የሚያነሱ አሉ። ለመደጎሚያ ይሆናል፤ ቤት ለማቋቋም ግን አይሆንም፣ መረቡም አጥማጁም በዝቷል። ቆሮሶና አምባዛ ገበያ አላቸው። ነጭ ዓሣው ክረምት ላይ ሊራባ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ይወጣል። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ ቀላል ነው። ይኼ ግን የከርሞውን ዓሣ ዘንድሮ መብላት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እጃችሁን ከወንዝ አፍ አንሱ።

ሜዳው መሐል ያሉት ሁለት ቃዳዎች

ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ነው። ውሃ ይተኛበታል፣ ግን ይለቃል። ወንዝ ቅርብ ነው። ሁለት ጊዜ ማምረት ይቻላል። ጥያቄው ሁለተኛው ዙር ምን ይሁን ነው።

አንደኛው መንገድ ወጪ የማይጠይቀው ነው። ሩዙ ገና ሳይታጨድ፣ ጥቅምት ላይ፣ ጓያ በእርጥቡ ጭቃ ላይ ይበተናል። አይታረስ፣ አይጎለጎል። ሩዙ ሲታጨድ ጓያው ከነዶው ሥር አረንጓዴ ብሎ ብቅ ይላል። ዋልካው የያዘው እርጥበት ብቻ ያደርሰዋል። ይህን ሳይ ሁልጊዜ እገረማለሁ፤ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይዘንብ ምርት ይታጨዳል። ጓያ ድርቁንም ረግረጉንም ይችላል። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ እግርን ያሽመደምዳል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። በረሃብ ዘመን ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰው በዱላ የቀረው በዚህ ነው። ለሽሮ መደባለቂያ፣ ለከብትና ለገበያ ይሁን። የቤት ጎተራ ውስጥ ጓያ ብቻውን እንዳይቀር።

ሽምብራ በዋጋም በጤናም ይሻላል። ግን የቆመ ውሃ አይወድም፤ ቶሎ የሚጠፍፍ ማሳ ይፈልጋል። ጓይ ትልም ይወደዋል። እሸቱ በመንገድ ዳር በእቅፍ ስለሚሸጥ ፍሬው ሳይደርቅ ብር ይገባል። ልጆች ያለፉበት ማሳ ዳር ዳሩ ሁልጊዜ ባዶ ነው፣ ይህም ግብር ነው።

ሁለተኛው መንገድ የአክስቴ ልጅ ሽንኩርት ነው። ኅዳር ላይ ሩዙ ይነሳል። ችግኙ ቀድሞ መደብ ላይ ይፈላል። ከዚያ ይዛወራል፣ በሞተር ውሃ ይጠጣል። ከዘር እስከ ለቀማ አራት አምስት ወር ነው። ሲሳካ እንደ ሽንኩርት ያለ የለም። በሁለት ቃዳ ሽንኩርት ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ባጃጅ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

አጎቴም ነበሩ። አንድ ዓመት ከሩዝ ያገኙትን ሁሉ ሽንኩርት ላይ ጣሉ። ማዳበሪያው፣ ናፍጣው፣ ትሪፕስ ለሚሉት ነፍሳት የሚረጨው መድኃኒት። ሽንኩርቱ እንደ ቡጢ ሆነ። ደላላው ማሳው ድረስ መጣ፣ ቀብድ ሰጠ፣ «ማክሰኞ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ። ማክሰኞ ዋጋው ወደቀ። ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ሐሙስም ዝግ ነው። እንደ ሩዝ ጎተራ አይከቱት። ከረጢቱ ውስጥ በቀለ። ያን ዓመት የአጎቴ ግቢ በር ላይ ሲደረስ ይሸታል። ላሟ እንኳ አፍንጫዋን አዞረች።

የሽንኩርት ትልቁ ጠላት ትል አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ከተከለ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይለቅማል። ስለዚህ ሽንኩርት የምትሉ ከሆነ ቢያንስ ወይ ቀደም በሉ፣ ወይ ዘግዩ። መቅደም የሚችለው ማሳው ቶሎ የሚጠፍፍለት ሰው ነው። መዘግየት የሚችለው ደግሞ እስከ ሚያዝያ ውሃ ያለው ነው። ያው፣ ዞሮ ዞሮ ውሃው ላይ ደረስን።

የርብን ነገር እንይ። መጋቢት ላይ ወንዙ ዳር ሂዱ። ከላይ እስከ ታች ሞተር ተደርድሯል። የላይኛው ሲስብ የታችኛው አሸዋ ያያል። ርብ ላይ ግድብ መሠራቱ ተስፋ ነው፤ ማሳችሁ የመስኖው ቦይ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ግን በወሬ ሳይሆን ወረዳው ግብርና ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ካልሆነ ውሃውን በተራ የሚያካፍል የውሃ አባት ያለበት፣ ተራ የሚከበርበት ቦታ መሆኑን እዩ። ተራ በሌለበት ወንዝ ላይ ሽንኩርት መትከል ሌሊት ሌሊት ሞተር እየጠበቁ ማደር ነው። የእጅ ጉድጓድ ከተቻለ ጠብ ይቀንሳል፤ ሜዳው ላይ ውሃ ብዙም ሳይቆፈር ይገኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከላይ ያልኩት እምቦጭ ጋር የሚገናኝ። ሽንኩርት ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ ሁሉ ሽንኩርቱ አይበላውም። የቀረው ክረምት ላይ ታጥቦ ሐይቅ ይገባል። እምቦጭ የሚወፍረው በዚህ ነው። መሐለኛው ማሳ ላይ ያበዛነው ማዳበሪያ ሐይቁ አፍ ባለው ማሳችን ላይ ሐምራዊ አበባ አውጥቶ ይጠብቀናል ማለት ነው።

የእኔ ፍርድ? አንዱ ቃዳ ሩዝና ሽምብራ፣ አንዱ ቃዳ ሩዝና ሽንኩርት። በሚቀጥለው ዓመት ቦታ ይቀያየሩ፤ ሽምብራ የቆመበት መሬት አፈሩ ያገግማል። ሽንኩርቱ ከወደቀ ሽምብራው የቤት አስቤዛ ይችላል። ሽንኩርት ከተሳካም ግማሹን ብቻ ነው ያመለጣችሁ። ሁለቱንም ሽንኩርት ማድረግ የሚችለው አንድ ዓመት ሙሉ ቢከስር የማይራብ ሰው ነው። ከዐረብ አገር ይዘው የመጡት ብር እንዲህ ያስመስላል፤ ግን ያ ብር ተመልሶ የሚመጣ አይደለም።

ጉብታው ላይ ያለው ቃዳ

እዚህ ውሃ አይተኛም፣ በበጋም አይገኝም። ዳጉሳ ይዘራበታል፤ አስተማማኝ ነው፣ ለጠላም ለእንጀራም ይሆናል፣ ሀብት ግን አያደርግም። እውነተኛው ምርጫ ቋሚ ተክል መትከል ነው።

ባሕር ዛፍ የሰነፍ ባንክ ይባላል። ሰነፍ ማለቴ አይደለም፣ መሬቱ አጠገብ ለሌለ ሰው ይመቻል። ይተከላል፣ በአራት በአምስት ዓመት አጣና ይሆናል፣ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ግን አጠገቡ ያለው ሰብል ይከስማል። የጎረቤት ዳጉሳ ድንበሩ ላይ ቢጫ ሲሆን ሽማግሌ ፊት መቆም አለ። ከሥሩ ምንጭ ካለ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት። አንዴ ከተተከለ በኋላም ሐሳብ መቀየር ውድ ነው፤ ያን ጉቶ የነቀለ ሰው ያውቀዋል።

ጫት ባሕር ዳር ዙሪያ ብዙ መሬት ወስዷል። ቶሎ ቶሎ ይለቀማል፣ ብሩ ጥሬ ነው። ግን በጋ ላይ ውሃ ይፈልጋል፣ በተለቀመበት ቀንም ገበያ መድረስ አለበት። ይህ ማሳ ሁለቱም የሉትም። መድኃኒት ተረጭቶ በማግስቱ የሚቃም ነገር ላይ ልቤም አይሄድም። ይህ የእኔ ነው፤ የሚያዋጣው ሰው ይኖራል።

ቡና ሲባል ሁሉም ዘጌን ይጠቅሳል። ልክ ነው፣ ዘጌ ከዚሁ ሐይቅ ዳር ናት። ግን ዘጌ ቡና የሆነችው ሐይቅ ዳር ስለሆነች ብቻ አይደለም። ገዳማቱ ባሉበት በዚያ ልሳነ ምድር ማረስም ከብት ማርባትም በጥንት ሥርዓት ክልክል ሆኖ ኖሯል። ጫካው የቆመው በዚህ ነው፤ ቡናው ደግሞ የሚኖረው በጫካው ጥላ ነው። በሬ ባለመግባቱ ጥላ ተረፈ፣ ጥላ በመትረፉ ቡና ተረፈ። ከዚያ ችግኝ አምጥቶ ባዶ ጉብታ ላይ ፀሐይ ላይ መትከል ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ጥላ ይተከላል፤ ቡናው ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹን በጋዎች በእንስራ እያጠጡ ማሳለፍ አለ።

በመካከሉ የተረሳ ነገር አለ፦ ጌሾ። ዘጌም ከቡናዋ ጋር ታበቅለዋለች። ድርቅ ይችላል፣ ቅጠሉ ደርቆ ይቀመጣል፣ ጠላና ጠጅ እስካለ ድረስ ገበያ አለው። ደላላ አይሮጥበትም፤ ለእኔ ይህ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። ግማሹን ጌሾ፣ ዳር ዳሩን የጥላ ዛፍ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥላው ሥር ጥቂት ቡና ብትል ይሻላል ብዬ መከርኳት።

ማን ያርሰዋል?

መሬት ስንመርጥ የምንረሳው ጉልበት ነው። ብቻዋን ናት። በሬ የላትም። የእኩል ብትሰጥ ሩዝ ላይ ችግር የለም፤ ምርቱ አውድማ ላይ በዓይን እየታየ ይካፈላል። ሽንኩርት የእኩል ግን ጭቅጭቅ ነው። ናፍጣውን ማን ከፈለ? ዋጋ ሲወድቅ ኪሳራውን ማን ይካፈላል? ከመትከላችሁ በፊት ምስክር ባለበት ተጻጻፉ። ዘመድ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጻጻፉ።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። አንዳንዱን ሰማች። ሐይቁ አፍ ላይ ሩዝ ዘራች፣ ደንገሉን አልነካችም። መሐል ላይ እንደተባባልነው አንዱን ቃዳ ብቻ ሽንኩርት አደረገች፤ ሞተሩን ከጎረቤቷ ጋር በጋራ ገዙ። ጉብታው ላይ ግን ጌሾዬን ትታ ባሕር ዛፍ ተከለች። «ጌሾ የአያቶች ነው» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለች።

«ወንድም ዓለም፣ የሩዝ ጭዱ ክምር ሆኖ ተቀምጧል። ላም ልግዛ እንዴ?»

«የፎገራ ከሆነች ግዢ» አልኳት።

«ዋጋዋን ጠይቀህ ታውቃለህ?» አለችና ሳቀች። አልጠየቅኩም ነበር።